የእማሆይ ሃያ ዶላር ስንት ጤፍ ይገዛል?

ይሄን ቪዲዮ ሳታዩት ያለፋችሁ አይመስለኝም። የድሮ አዲስ አበባ ፎቶ፣ ከሥሩ የሚያሳዝን ዋሽንት፣ ከዚያ በትልቁ «በዚያ ዘመን 1 ዶላር = 2.07 ብር» የሚል ጽሑፍ። አስተያየት መስጫው ለቅሶ ቤት ነው። «ሀብታም ነበርን እኮ!» «ማነው የበላን?» የአጎቴ ልጅ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር ይልክልኛል። ኢኮኖሚክስ ስለተመረቅኩ መልሱ እኔ ጋ ያለ ይመስለዋል። ለረጅም ጊዜ በሚያለቅስ ኢሞጂ ነበር የምመልስለት።

ከዚያ አያቴ ሃያ ዶላር አወጡ።

አያቴ ቆብ ከጫኑ ወዲህ ሁላችንም እማሆይ ነው የምንላቸው። ቤታቸው እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና እያፈላሁ ሳለ የሟች ባለቤታቸውን ዳዊት ከነማኅደሩ ከግድግዳው አስወረዱኝ። የቆዳውን ኪስ ገልበጥ ሲያደርጉት በነጠላ ቅዳጅ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ሲፈታ ሁለት ኖት ነው። አንዱ የጃንሆይ ምስል ያለበት አንድ ብር፤ ሌላው የአሜሪካ ሃያ ዶላር። አሮጌ ነው፤ ግን እጥፋቱ ላይ ካልሆነ በቀር አልተጎዳም። አጉልቼ ሳየው 1969 ይላል፣ በፈረንጅ።

«ለተዝካሬ ያስቀመጥኩት ነው» አሉኝ፣ ስለ ሽንኩርት የሚያወሩ ያህል ቀለል አድርገው። «ሳልሞት ስንት ጤፍ እንደሚገዛ ማወቅ እፈልጋለሁ። አንቺ ይሄንኑ አይደል የተማርሽው?»

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስቀመጥ እንዲህ ጥርት ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ መምህር የለም።

ገንዘቡ እንዴት እዚህ ደረሰ? የሰላም ጓድ የሚባሉት ወጣት አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ገደማ ነበሩ፤ አብዛኞቹ አስተማሪዎች ሆነው በየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ። ደብረ ማርቆስም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ደርሷቸዋል። ከእነሱ አንዱ አያቶቼ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ሁለት ዓመት ኖረ። እማሆይ ስሙን አይጠሩትም፤ «ያ ልጅ» ነው የሚሉት። እንጀራ ጋገሩለት፣ ሲያመው ጥቁር አዝሙድ አሸተቱት፣ በሁዳዴ እንቁላል ሲጠብስ ደግሞ ሽታው እንዳይደርሳቸው በሩን ይዘጉበት ነበር። በ1966 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ሻንጣውን ሸክፎ ሲሄድ ሃያ ዶላሩን በሁለት እጁ ይዞ ሰጣቸው። በሁለት እጅ መስጠትን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ያኔ ባንክ ቢወስዱት 41 ብር ከ40 ሳንቲም ያገኙ ነበር። ያው የቪዲዮው 2.07 ሲባዛ በሃያ።

ይሄ ሂሳብ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ቁጥሩ ከየት መጣ? ጃንሆይ ጎበዝ ስለነበሩ ነው? ቡናችን ስለተወደደ? የድሮ ማስታወሻዎቼን ገልብጬ፣ የገንዘብ ታሪክ ያላቸውን መጻሕፍት አገላብጬ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው መቼም። ካልኩሌተሩን ክፈቱና 2.50ን በ35 አባዙ፤ የመጣውን ለ42.22 አካፍሉ።

2.07 መጣ አይደል? በቃ፣ ምስጢሩ ይሄ ነው። ከሦስቱ ቁጥሮች የእኛ የመጀመሪያው ብቻ ነው።

2.50 ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ምንዛሪያችን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳውን አንድ ነገር ላንሳ፤ በአብዛኛው የጃንሆይ ዘመን ዶላር ከ2.07 በላይ ነበር የሚመነዘረው። 35 ደግሞ አሜሪካ ለአንድ ወቄት ወርቅ የቆረጠችው ዋጋ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ብሬተን ውድስ በተባለ ቦታ 44 አገሮች ተሰብስበው ሲዋዋሉ የየአገሩ ገንዘብ ከዶላር ጋር እንዲታሰር፣ ዶላር ደግሞ ከወርቅ ጋር እንዲታሰር ተስማሙ። ኢትዮጵያም ከ44ቱ አንዷ ነበረች። በዚህ ውል መሠረት የየአገሩ መንግሥት 35 ዶላር ይዞ ቢሄድ አሜሪካ አንድ ወቄት ወርቅ ልትሰጠው ነው።

ችግሩ አሜሪካ ቬትናም ውስጥ ገንዘብ እንደ ውሃ ስታፈስ ቆየች። እነ ፈረንሳይ ዶላራቸውን ይዘው «ወርቃችንን» ማለት ጀመሩ። ካዝናው ውስጥ ያለው ወርቅ ውጭ ለተበተነው ዶላር አልበቃ አለ። ነሐሴ 9 ቀን 1963 ዓ.ም. እሁድ ማታ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው ከእንግዲህ ዶላር በወርቅ አይመነዘርም አሉ። ንግግሩ ሕዝቡ የሚወደውን «ቦናንዛ» የተሰኘ የካውቦይ ድራማ ሊያቋርጥ መሆኑ አሳስቧቸው ነበር ይባላል። በዚያው ምሽት ደመወዝና ዋጋ ባለበት ለ90 ቀን እንዲቆም አዘዙ። አዎ፣ የካፒታሊዝም ዋና ከተማ ውስጥ የዋጋ ተመን! እኛ ቤት ይሄ የደርግ ፈጠራ ነው ተብሎ ነው የሚወራው።

ከዚያ ዶላር ሁለት ጊዜ ረከሰ። በታኅሣሥ 1964 ዓ.ም. የወርቁ ዋጋ ከ35 ወደ 38 ዶላር ከፍ አለ፤ በየካቲት 1965 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 42.22። ኢትዮጵያ በሁለቱም ጊዜ ምንም አላደረገችም። ብር ከወርቅ ጋር የነበረውን ዋጋ ይዞ ባለበት ቆመ። ከጎኑ ያለው ዶላር ሲወርድ የብር ምንዛሪ መጀመሪያ 2.30፣ ቀጥሎ 2.07 ሆነ። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣችሁ የጎናችሁ መኪና ወደ ኋላ ሲሸሽ እናንተ ወደፊት የሄዳችሁ የሚመስላችሁ ነገር አለ አይደል? እሱ ነው።

ስለዚህ ቪዲዮው ላይ የምናለቅስለት ቁጥር የእኛ ሀብት ምልክት አይደለም። የአሜሪካ ሕመም ነው፣ በእኛ ወረቀት ላይ የተጻፈ።

ይሄን ለጋሼ ነገርኩት። ጋሼ የእማሆይ የበኩር ልጅ ነው፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ። ሳሎኑ ውስጥ የተሰቀለች አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለችው። አፍሮው የፎቶ ቤቱን መጋረጃ ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ቤል ቦተሙ ጫማውን ውጦታል፤ የሸሚዙ ኮሌታ እስከ ትከሻው ይደርሳል። ስምንቱ የቤተሰቡ ልጆች በየተራ ስቀንበታል። ሱሪውን የሰፋለት የገበያው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሞዴሉ አሜሪካዊው አስተማሪ ይዞት የመጣ መጽሔት ላይ ያለ የጥቁር አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ፎቶ ነው። «እንደዚህ አድርገህ ስፋልኝ ብዬ ገጹን ይዤለት ሄድኩ» ይላል። ሰፊው ጨርቅ አባከንክ ብሎ ተቆጥቶታል።

ያን ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነበር። የአሜሪካ ጥቁሮች ፀጉራቸውን አሳድገው አፍሪካዊ ነን ሲሉ፣ የአፍሪካ ልጆች ደግሞ እነሱን መሰሉ። አዲስ አበባ ውስጥ አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ከፍቶ ነበር፤ ሸክላ የማተም መብቱ የመንግሥት ነው ቢባልም አልሰማም። ዓለማየሁ እሸቴ መድረክ ላይ እነ ጄምስ ብራውንን ያስታውስ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተንና ኒውዮርክ ተምሮ ኢትዮ ጃዝን ይዞ ተመለሰ፤ ዱክ ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. ኅዳር ገደማ አዲስ አበባ መጥቶ ከጃንሆይ ኒሻን ሲቀበል አብሮት የሠራው እሱ ነው። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጋሼ ይሄን ሁሉ የሚሰማው በጎረቤት ሬዲዮ ነው። ግን ይሰማል። ቲክቶክ ሳይኖር እንዴት እንደዚያ ቶሎ እንደሚዛመት አሁንም አይገባኝም።

ጋሼ የእኔን የወርቅ ሂሳብ አዳምጦ ሲጨርስ «እሺ» አለ። «ምንም ይሁን ምን፣ ያኔ ዶላር በሁለት ብር ነበር። አሁን አይደለም። ታዲያ የቱ ይሻላል?»

ጥያቄው ተራ አይደለም። ሦስት ቀን ወሰደብኝ።

መልሴ የሚጀምረው ዶላሩን ማን ያገኝ ነበር ከሚለው ነው። ብር 2.07 የሆነበት 1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ዓመት ነው። በወረቀት ላይ ብራችን ከምንጊዜውም በላይ ጠንካራ በነበረበት ወር፣ ከእኛ በስተምሥራቅ ሰው በመንገድ ዳር ይረግፍ ነበር። አንድ ኩንታል እህል የሚገዛበት ብር የሌለው ገበሬ ብሩ በዶላር ስንት እንደሚመነዘር ምን ይጠቅመዋል?

ጎጃም ውስጥም ቢሆን ሀብት በብር አይለካም ነበር። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ ዳሞት ውስጥ ከገበሬው ጋር ኖሮ ስለ ርስት የጻፈው መጽሐፍ የታተመው፣ ግጥምጥሞሹን ተመልከቱ፣ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሰው የሚሟገተው፣ የዘር ሐረግ የሚቆጥረው፣ ዳኛ ፊት የሚቆመው ለመሬት ነው። ጥሬ ብር የሚያስፈልገው በዋናነት ለግብር፣ ለጨውና ለጨርቅ ነው። ለዚህም ነው በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ሊያስከፍል ሲመጣ ጎጃም ያመጸው፤ ገበሬው ርስቴ ሊለካ፣ ሊነጠቅ ነው ብሎ ፈራ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሱ፣ የተጠራቀመው ግብርም ተማረ። እማሆይ ያንን ጊዜ የሚያስታውሱት በአውሮፕላኑ ድምፅ ነው። ዶላር የሚባል ነገር መኖሩን ያወቁት ከዚያ በኋላ፣ ከ«ያ ልጅ» ነው።

አሜሪካስ ራሷ ምን ላይ ነበረች? ኒክሰን ወርቁን ከዘጉ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ዓረቦችና እስራኤል ተዋጉ። የዓረብ ነዳጅ አምራቾች እስራኤልን ለደገፈችው አሜሪካ አንሸጥም አሉ፤ 3 ዶላር አካባቢ የነበረው የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዋጋ በጥቂት ወር ውስጥ 12 ዶላር ተጠጋ። አሜሪካውያን ቤንዚን ለመቅዳት ተሰለፉ። በአንዳንድ ግዛቶች ሰሌዳው ጎዶሎ ቁጥር የሆነ መኪና በጎዶሎ ቀን፣ ሙሉ የሆነ በሙሉ ቀን ብቻ ይቀዳ ነበር። እኛ አገር ቤንዚን ለመቅዳት በረንዳ ያደራችሁ የባጃጅ ሹፌሮች ይሄን ስታነቡ ሳትስቁ አትቀሩም።

እማሆይ ይሄን ክፍል ያውቁታል። «ደብዳቤ መጣለትና ሲስቅ ምነው አልኩት» አሉኝ። «እናቴ ቤንዚን ለመቅዳት ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ ብላ ጻፈችልኝ አለኝ። አሜሪካ? አልኩት። አዎ አሜሪካ አለኝ። ውሸቱን ነው ብዬ ነበር።»

ውሸቱን አልነበረም። በ1974 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የዋጋ ግሽበት 11 በመቶ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ላይ ከመቶ ሠራተኛ ዘጠኙ ሥራ አጥ ነበር። ክፍል ውስጥ የተማርነው ሥራ አጥነት ሲጨምር ግሽበት ይቀንሳል የሚለው መስመር እዚያ ጋ ነው የተሰበረው። ሁለቱ አብረው ሲመጡ «ስታግፍሌሽን» የሚለው ስም ከመጻሕፍት ወጥቶ የሰው አፍ ገባ። ለፈተና በቃሌ ሸምድጄዋለሁ። የማን እናት እንደተሰለፈች ግን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ያ የነዳጅ ዋጋ እዚህም ደረሰ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መንግሥት ቤንዚን ላይ ዋጋ ጨመረ። የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን አስተማሪዎች የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለውን ዕቅድ ተቃውመው አቆሙ፤ ተማሪው ተከተለ። ጃንሆይ የቤንዚኑን ዋጋ ቢቀንሱም ነገሩ አልቆመም። ጋሼ ያን ዓመት ክፍል የገባበትን ቀን በጣት ይቆጥራል። አፍሮውንም ያኔ ነው ያሳደገው፤ የሚቆጣ ዲሬክተር አልነበረም። ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት ሥልጣን ለቀቁ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። በመካከሉ ያለው 34 ቀን ነው። ባለፈው ዓመት በግንቦት ዋይት ሐውስ ውስጥ አብረው ነበሩ።

ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ፤ የትኛው ይሻላል? ደርግ 2.07ን እንዳገኘው አስቀመጠው። በ1969 ዓ.ም. የጃንሆይ ምስል ያለበት ገንዘብ በአዲስ ሲቀየር እንኳ ምንዛሪው አልተነካም። ከየካቲት 1965 እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ፣ ሃያ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ያው ቁጥር። በእነዚህ ዓመታት ጦርነት ነበር፣ ረሃብ ነበር፣ የአገር ውስጥ ዋጋ ወጥቷል። ቁጥሩ ግን ቆሟል። የቆመ ሰዓት ግድግዳ ላይ ያምራል፤ በእሱ ቀጠሮ መያዝ ግን አይቻልም።

ምሳሌ ላምጣ። ቡና ላኪው ውጭ 100 ዶላር ሸጠ እንበል። መንግሥት 207 ብር ይሰጠዋል። በጥቁር ገበያ ግን ያው ዶላር ከእጥፍ በላይ ያወጣል። ቡናውን ደብቆ በድንበር ማሾለክ ያዋጣል ማለት ነው። በሌላ በኩል በ2.07 ዶላር ከባንክ የተፈቀደለት ሰው ሲሳይ ወረደለት፤ ግን የሚፈቀደው ለማን ነው? ለመንግሥት ድርጅት፣ ለጦር መሣሪያ፣ ሰው ላለው ሰው። የደብረ ማርቆስ ባለሱቅ አልነበረም። ርካሽ ዶላር ነበረ፤ የሚሸጥላችሁ ግን አልነበረም። ጎጃሜው ገበሬ ደግሞ በሌላ በኩል ጤፉን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠለት ኮታና በተቆረጠለት ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። የምንዛሪውም የጤፉም ዋጋ የተጻፈው ቢሮ ውስጥ ነው።

ጋሼ እዚህ ጋ አቋረጠኝ። «ይሄንን እኔ ኖሬበታለሁ፤ አንቺ አንብበሽዋል» አለ። «ግን በደመወዜ ወር እስከ ወር እኖር ነበር። አሁን በጡረታዬ አልኖርም።» ይሄም እውነት ነው፤ መልስ የለኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የኢኮኖሚክስ መጽሐፌ «ማስተካከያ» ይለዋል። ጋሼ የደም ግፊት መድኃኒቱን ሊገዛ ሄዶ የሰማውን ዋጋ ግን ማስተካከያ ብዬ ልነግረው አልደፈርኩም። እኔ የምለው የቆመው ሰዓት ልክ አልነበረም ነው እንጂ፣ አሁን ያለው ሰዓት አይፈጥንም አላልኩም።

አሁን ወደ ጤፉ።

እማሆይ በ1966 ዓ.ም. ብሩን መንዝረው ቢሆን 41.40 ያኔ አንድ ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር ይላሉ። ጋሼ የለም፣ ያኔ ተወዶ ነበር፣ አይሞላም ብሎ ይከራከራቸዋል። ለማንኛውም በኩንታል ነው የሚከራከሩት። ብሩን መንዝረው ዳዊቱ ውስጥ ቢያስቀምጡትስ? አብራው የወጣችው የጃንሆይ አንድ ብር መልሱ ናት። ከ1969 ወዲህ ምንም አትገዛም። ከዚያም ገንዘቡ በ1990 ተቀይሯል፣ በ2013 ተቀይሯል። ያኛው መንገድ ዜሮ ነበር።

ዶላሩስ? እሱም በልቶታል። አሜሪካ ውስጥ ዋጋ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከስድስት እጥፍ በላይ ጨምሯል፤ ያኔ በሦስት ዶላር ከምናምን የሚገዛ ነገር ነው ዛሬ ሃያ የሚፈልገው። ማለትም ከሃያው ዶላር ውስጥ አሥራ ስድስት የሚሆነው ማኅደሩ ውስጥ ተቀምጦ ተኗል። ሌባ አልነካውም፣ አይጥ አልበላውም።

ለዚያውም አደጋ ነበረው። በ1969 ዓ.ም. ሚያዝያ ደርግ የአሜሪካን ቢሮዎች ዘግቶ አብዛኞቹን አሜሪካውያን ሲያስወጣ፣ በየቤቱ አሰሳ ሲደረግ፣ የአሜሪካ ዶላር መያዝ ራሱ ወንጀል፣ ላይ ደግሞ «የሲአይኤ ቅጥረኛ» የሚያስብል ነበር። አያቴ ባላቸው አቃጥይው ሲሏቸው አልሰሙም። አብዮት ጠባቂዎቹ ሲመጡ ዳዊቱን ተሳልመው መልሰው ሰቅለውታል አሉ።

ይዤው ባንክ ሄድኩ። የቱ ባንክ እንደሆነ ይቅር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አገላብጣ አየችው፤ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው፤ ማሽኑ ተፋው። ብርሃን ላይ ዘርግታ ክሩን ፈለገች። ክር የለውም፤ በሃያ ዶላር ላይ ክር መግባት የጀመረው ከ1990 እ.ኤ.አ. እትም ወዲህ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከ1861 ጀምሮ ያተመው ገንዘብ በሙሉ እስከ ዛሬ ሕጋዊ ነው ብዬ ከስልኬ አሳየኋት። አነበበችው። «እሱ እዚያ ነው፣ እህቴ» አለችኝ። ልክ ናት መሰለኝ። በር ላይ አንዱ ተከትሎኝ በግማሽ ዋጋ ልግዛሽ አለኝ፤ ሕጉ እንደማይፈቅድ ነግሬው መንገዴን ቀጠልኩ። እውነቱን ለመናገር ግማሽ ባይል ኖሮ ትንሽ ቆም እል ነበር።

ማታ ለእማሆይ ሪፖርት አቀረብኩ። ባንኩ ቢቀበለው እንኳ በአሁኑ ምንዛሪ፣ በአሁኑ የገበያችን ዋጋ፣ ሩብ ኩንታል ጤፍ ቢሞላ ነው አልኳቸው። ተናደው ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ጥቂት ዝም አሉ።

«ሩብ ለተዝካር አይበቃም» አሉ። «ቄሶቹ ብቻ ይጨርሱታል።»

«አይበቃም።»

«ይሁን፤ ለተዝካሬ ዕድሩ አለ፣ ጋሼሽም አለ።» ኖቱን እንደ ቀድሞው አጥፈው ነጠላው ውስጥ ጠቀለሉት፤ የጃንሆይዋን ብርም አብረው። እኔ ከመጠቅለሉ በፊት ለዚህ ጽሑፍ ፎቶ ላንሳው ብዬ ነበር፤ ቁጥሩን በጣታቸው ከሸፈኑት በኋላ ፈቀዱልኝ። ሌባ በስልክም ይገባል ሲባል ሰምተዋል።

ዳዊቱን መልሼ ስሰቅለው ከኋላዬ ጠየቁኝ።

«ያ ልጅ አሁን ስንት ዓመቱ ይሆን?»

አሰላሁት። ሲሄድ ሃያ አራት ይሆነዋል ብለውኛል። «ሰባ አምስት ገደማ» አልኳቸው።

እማሆይ ሰማንያ አምስታቸው ነው። ፍንጃሉን አስቀምጠው ሳቁ። «ሰባ አምስት? ኧረ ገና ልጅ ነው!»